6 ቁጥርን ያከበብሁበት መጠይቅ

ለስኳር ክትትል በምመላለስበት ክሊኒክ ወረፋዬን ስጠብቅ አንድ ገጽ መጠይቅ ተሰጠኝ። በሕክምናዬ ምን ያህል እንደረካሁ ከ0 እስከ 6 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በማክበብ እንድመልስ ይጠይቃል። ሳላመነታ 6ን አከበብሁ። ሐኪሙ ስሜን ያውቃሉ፣ አይቆጡኝም፣ መድኃኒቴንም ሳያጓድሉ ይጽፉልኛል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ብዬ ነበር።

በዚያው ወር መደበኛዋን ነርስ ተክታ የገባች ሲስተር «ኢንሱሊኑን የት የት ነው የሚወጉት?» ብላ ጠየቀችኝና ሸሚዜን እንድገልጥ አደረገች። ከእምብርቴ በስተቀኝ በጣቶቿ ጫን ጫን እያደረገች ከዳሰሰች በኋላ የራሴን እጅ ወስዳ እዚያው ላይ አሳረፈችው። ከቆዳዬ ሥር እንደ ጎማ የሚለመጥ እብጠት ተጋግሮ ነበር። መርፌው አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ከቆዳ ሥር ያለው ስብ እየወፈረ እንደሚሄድ፣ በዚያ በኩል የተወጋ ኢንሱሊንም አንዳንዴ ዘግይቶ አንዳንዴ ባልታሰበ ሰዓት ወደ ደም እንደሚገባ አስረዳችኝ። ጤነኛ ቆዳ ላይ የተወጋው በደንብ ስለሚሠራ መጠኑን መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላልና፣ ሐኪሙን ሳላማክርና ቶሎ ቶሎ ሳልለካ ቦታ እንዳልቀይርም አስጠነቀቀችኝ። ስኳሬ ያለ ምክንያት እየወጣና እየወረደ ሲያስቸግረኝ፣ መጠኑም ሁለት ጊዜ ሲጨመርልኝ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሆዴን የዳሰሰ ሰው አልነበረም። እርካታዬ ግን የውሸት አልነበረም፤ የጎደለውን ባለማወቄ የመጣ ነበር እንጂ።

የስኳር ሕሙማንን እርካታ ለመለካት በብዙ አገሮች ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ፣ ክሌር ብራድሌይ የተባሉት የሥነ ልቦና ባለሙያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ያዘጋጁት ዲቲኤስኪው የሚባለው ነው። 8 ጥያቄዎች አሉት፤ የስድስቱ ውጤት ተደምሮ እስከ 36 ይደርሳል፤ ስኳር ምን ያህል ጊዜ ከመጠን በላይ ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ታካሚው የሚሰማውን የሚጠይቁት ሁለቱ ግን ለብቻቸው ይታያሉ። ብዙ ታካሚ ገና ከጅምሩ ከፍተኛውን ቁጥር ስለሚሰጥ፣ በኋላ የመጣውን መሻሻል መለየት አስቸጋሪ ሆኖ፣ አሁን ያለውን ከቀድሞው ጋር የሚያነጻጽር ሌላ ቅጂ ማዘጋጀት አስፈልጓል። እንግዲህ 6ን ለማክበብ የቸኮልሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም።

መጠይቁን አላጣጥልም፤ ሕክምናው የታካሚውን ኑሮ ምን ያህል እንደከበደው ከደም ምርመራ ሊገኝ አይችልም። የሁለት ሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የተባለው የደም ምርመራ እንኳ፣ ሌሊት ስኳር ወርዶበት በላብ ተዘፍቆ የነቃውን ሰው ፍርሃት አይናገርም፤ ከፍታና ዝቅታው ተቻችለው ያማረ ቁጥር ሊወጣ ይችላልና። ይሁን እንጂ «ረክተዋል?» ከሚለው ጎን «በዚህ ዓመት እግርዎ ታይቷል? ዓይንዎስ?» የሚል ቢጨመርበት፣ መልሱ በሐኪሙ ትሕትና ላይ ሳይሆን በተደረገው ነገር ላይ ያርፍ ነበር። በተቃራኒው፣ ቁጣን ፈርቶ የመለኪያ ደብተሩን ከቀጠሮው በፊት ባለው ሌሊት የሚያሳምር ታካሚ አውቃለሁ (እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም)፤ ለዚህ ሰው የሐኪሙ ትሕትና ራሱ የሕክምናው አካል ነው፤ እውነተኛው ቁጥር ካልተነገረ መድኃኒቱ በምን ይስተካከላል?

ባለፈው ቀጠሮ ያው መጠይቅ ሲመጣልኝ 4ን አከበብሁ። ሐኪሙ አይተውት ፈገግ አሉና «ምን አጎደልን?» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬንና ካልሲዬን አወለቅሁ።