ካምፕ ለካምፕ ያደገ ሰው አዳማ ላይ እንዴት የሰፈር ሰው ይሆናል

አባቴ የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ካምፑ ይነሳል፣ እኛም እንነሳለን፤ ሻሸመኔ፣ ጅማ፣ ኮምቦልቻ እየተባለ አደግን። የወታደር ልጅም፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅም ነገሩን ያውቀዋል፤ «ሀገርህ የት ነው?» ሲባል መልሱ ይረዝማል። አዳማ ስገባ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት፦ የኋላውን በወረቀት መሰብሰብና እድር መግባት። ከባዱ ሁለተኛው ነው፣ የሚጠቅመውም እሱ ነው።

ለወረቀቱ አንድ ደብተር ይበቃል። ገጹ በአምስት ይከፈላል፦ ዓመት፣ ቦታ፣ ትምህርት ቤትና ክፍል፣ የጎረቤት ስም፣ ነገሩን የተናገረው ሰው። መጀመሪያ የሚሞላው ከትምህርት ካርዶች ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎባቸዋል። የጎደለው ከወላጅ ይጠየቃል፤ ግን «በስንት ዓመት ነበር?» ማለት የትም አያደርስም። ሁሉም የሚያስታውሰውን ነገር መያዝ ይሻላል፦ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባበት ግንቦት 1983፣ የባድመ ጦርነት የጀመረበት ግንቦት 1990፣ ሚሌኒየሙ የተከበረበት መስከረም 1 ቀን 2000። «እማዬ፣ ባድመ ሲጀመር የቱ ቤት ነበርን?» ብትሏት «ያ ፍየሏ የሞተችበት ነዋ!» ትላለች። ፍየሏ የሞተችበት ቤት ደግሞ አራተኛ ክፍል የተማርኩበት መሆኑን ካርዱ ይናገራል። ታላቅ እህት አብራ ብትኖር ደግ ነው፤ ሲከራከሩ እውነቱ ይጠራል። አቦል ላይ ዝም ብሎ መስማት፣ ደብተር ማውጣት በረካ ላይ። ቀድመው ካወጡት ወሬው ቃለ ጉባኤ ይሆናል።

ልደት ሲመዘገብ ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንዱ የዘመን ልዩነት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር 7 ይደመራል፣ ከዚያ ወዲህ ለተወለደ 8። ለሁሉም 8 ከተደመረ የኅዳር ልጅ ዕድሜው በአንድ ዓመት ያንስና ዲፕሎማውና ፓስፖርቱ አይስማሙም። ሌላው ፊደል ነው፤ አንዱ ካርድ ላይ «ኃይሉ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሉ» ተብሎ ይገኛል። በአዋጅ 760/2004 የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድን በኋላ የምንመዘገብ ስለሆንን ከመፈረማችን በፊት ስሙን ከነአያቱ ፊደል በፊደል ማየት አለብን። መሸኛም ይታሰብበት። ካምፕ ሲፈርስ ሰው ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፣ መሸኛ የሚያስታውስ የለም፤ አዲሱ ቀበሌ ግን መታወቂያ ከመስጠቱ በፊት መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ወደ እድሩ ልምጣ። የጸሐፊውን ቤት የሚያውቀው የሰፈሩ ባለሱቅ ነው፤ «ጋሼ፣ እዚህ እድር ለመግባት ማንን ላናግር?» ማለት ነው። አንዳንዱ እድር ተከራይ አይወድም፤ ነገ ይለቃል ብሎ ይፈራል። ነባር አባል ዋስ ሲሆን ግን ይለሳለሳል፤ ስለዚህ ከማመልከት በፊት ጥቂት ወራት ለቅሶ መድረስና ቡና መጠራራት ያስፈልጋል። መግቢያው ከወርሃዊ መዋጮው በጣም ሊበልጥ ይችላል፣ ይህም ብዙ ሰው ያስቆጣል። ምክንያት ግን አለው፦ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው በነባሮቹ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ አዲስ ገቢ ድርሻውን ይከፍላል። ቤት ውስጥ ሰው ከታመመ በኋላ ለመመዝገብ መሮጥ ጥርጣሬ ያመጣል። ብዙ ቦታ በደንቡ ራሱ ለአዲስ አባል ገንዘብ የሚሰጠው የተወሰነ ጊዜ አስጠብቆ ነው፤ ሁሉ ሰላም ሳለ መግባት ነው የሚያዋጣው።

የቤተሰብ ዝርዝር ሲሞላ እንደኛ ያለ ሰው የሚዘነጋው ሩቅ ያለውን ነው። ሚስትና ልጆች ይጻፋሉ፣ ኮምቦልቻ የቀሩት ወላጆች ይረሳሉ፤ አማትና አማችም እንዲሁ። ያልተጻፈ ሰው ሲሞት ገንዘቡ ይቀራል፣ ከሁሉ የሚከፋው ግን ድንኳን አለመተከሉ ነው። የሴቶች እድር ለብቻው ከሆነ ሚስት በስሟ ትመዝገብ፤ እንጀራውና ወጡ የሚሰናዳው በነሱ በኩል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጉልበት ነው። መዋጮን በቴሌብር ልኮ የሚቀር አባል ስሙ መዝገብ ላይ እንጂ ሰው ልብ ውስጥ አይገባም። አዳማ ሞቃት ስለሆነ ድንኳን በማለዳ ይተከላል፤ አዲስ ሰው ችካል ይምታ፣ ወንበር ያውርድ፣ በጄሪካን ውሃ ያመላልስ። ንግግርና አስተባባሪነት የነባሮቹ ነው፣ እዚያ ላይ መቸኮል ያስጠላል። ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ስለሚፈጸም «ከሥራ ስወጣ እደርሳለሁ» አይሠራም። ስብሰባ ላይ አማርኛና ኦሮምኛ ይቀላቀላል፤ ኦሮምኛ ባይችሉ እንኳ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መጀመር ፊት ያበራል።

ኪራይ ጨምሮ ቤት መቀየር ሲመጣ ድሮ የለመድነው ጠባይ ይነሳል፤ ሁሉን ጥሎ እንደገና መጀመር ያምረናል። አዳማ ውስጥ ከሆነ እድሩን መልቀቅ አያስፈልግም። አዲሱን አድራሻና ስልክ ለጸሐፊው መስጠት፣ ለጥሩምባ ነፊውም መንገር፣ የቀብር ጥሪ የሚያደርስ አንድ ጎረቤት ወክሎ መሄድ ነው። ከተማ የሚለቅ ደግሞ የስንት ወር ውዝፍ ከአባልነት እንደሚያሰርዝ ከደንቡ አይቶ መዋጮውን አስቀድሞ ይክፈል፣ ደረሰኙንም ከመሸኛው ጋር ያስቀምጥ።