ዲጂኖ የመለሰ አፈር

አሶሳ ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሳስቆፍር ነው ላተራይት ከሚባለው አፈር ጋር የተዋወቅነው። ላይኛው ቀይ አፈር እንደ ቅቤ ወረደ። ከዚያ ዲጂኖው "ቋ!" ብሎ ተመለሰ። ቆፋሪው ቁራጭ አውጥተው ሰጡኝ። ጥቁር ቡናማ ናት፣ ለመጠኗ ትከብዳለች፣ አተር አተር የሚያካክሉ እንክብሎች ተጣብቀውባታል። "የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው" ብዬ ደመደምኩ። ጉድ ሠራኝ።

ማታ ቁራጯን በሴራሚክ ጀርባ ላይ ፈተግኳት። አንዱ ጠርዝ ቀይ መስመር ተወ፣ ሌላው ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡናማ። ቀዩ ሄማታይት፣ ሌላው ጎታይት ነው። ሁለቱም የዝገት ቤተሰብ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙቀትና ዝናብ በበዛበት አገር ድንጋይ ሲበሰብስ ካልሲየሙም ሲሊካውም ታጥቦ ይሄዳል። ብረት ግን አየር ካለ አይሟሟም፤ ይቀራል። ክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ብሎ አየር ሲጠፋ ሟሙቶ ይንቀሳቀሳል። በጋ ውሃው ሲወርድ አየር ያገኘዋል፣ ይዝጋል፣ አሸዋውንና ሸክላውን ያጣብቃል። ይሄ እጅግ ብዙ ዘመን ይደጋገማል።

አላመንኩም። ሁለት ሃይላንድ በአሸዋና በሚስማር ሞላሁ። አንዱን በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ እስከ አፉ ሞልቼ ከደንኩት። ሌላውን ከሥሩ በስቼ በየሁለት ቀኑ አጠጣሁት። ከስድስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው አሸዋ ዝርግፍ አለ። ሁለተኛውን በቢላ ስቀደው እያንዳንዱ ሚስማር አሸዋ ለብሶ እንደ ቆሎ ጓል ሆኗል። (ለማፋጠን ሁለቱም ላይ ጨው ጨምሬያለሁ፤ ተፈጥሮ እንዲህ አይቸኩልም።)

ትልቁን ስህተት ግን ጉድጓዱ ላይ ሠራሁ። ጥቅምት ላይ ብር አለቀብኝና ግማሽ ላይ አቆምኩት። ያኔ ከቅርፊቱ በታች ያለው ዝንጉርጉር ሸክላ በአካፋ ይቆረጥ ነበር። የካቲት ላይ ስንመለስ ለአየር የተጋለጠው ሁሉ ደርቆ ድንጋይ! ቆፋሪው ሳቁብኝ፣ "ልጄ፣ ይሄ አፈር ፀሐይ ካየ አይለሰልስም" አሉ። ዋጋም ጨመሩ። ለካ በ1807 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ቡካናን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ደቡብ ህንድ ውስጥ ይህን አፈር ላተራይት ያለው በላቲን "ጡብ" ከሚለው ቃል ነው፤ ሰዎቹ እርጥቡን ቆርጠው አየር ላይ ያደርቁትና ቤት ይሠሩበታል።

ቀጣዩን ጉድጓድ ሳናቋርጥ ጨረስነው። የወጣውን ቅርፊት በመዶሻ አስፈጭቼ ግቢ መግቢያው ላይ እንደ ገረጋንቲ አፈሰስኩት። ዘንድሮ ክረምት ጫማዬ ጭቃ አልነካውም።