ሰባት ክዳን ውሃ

ወገኖቼ፣ ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። ጌታ ለልጄ ያደረገውን ግን ዝም ብዬ መያዝ አልቻልኩም።

ልጄ 5 ዓመቱ ነበር። የፋሲካ ዕለት የዶሮ ሥጋ አነቀው። አጎቱ ጀርባውን መትቶ አስወጣለት። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እኛም ተመስገን ብለን ወደ ማዕዱ ተመለስን። ልጄ ግን አልተመለሰም። ማታ እንጀራ እምቢ አለ። ሰኞ ወተት እምቢ አለ። ማክሰኞ ምራቁን እንኳ መዋጥ ፈርቶ በሶፍት ይተፋ ጀመር።

እኔስ ምን አደረግኩ? በግድ አጎረስኩት። አልደብቅም። አፍንጫውን ይዤ፣ አፉን ፈልቅቄ፣ እያለቀስኩ። እኛ ጋ ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ያን ቀን ግን የእናቱ ጉርሻ ለልጄ ሁለተኛ መታነቅ ሆነበት።

ማክሰኞ ሌሊት ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ከቀትር ጀምሮ ሽንት አልሸናም። ጎረቤቴ እማማ ልጃቸውን ቀስቅሰው በመኪና ሆስፒታል አደረሱን፤ እድሜ ይስጥልኝ። ሐኪሙ ጉሮሮውን አየ። የተሰነቀረ ነገር የለም። ግሉኮስ ሊሰኩለት ሲሉ ደም ሥሩ አልገኝ አለና ሦስት ጊዜ ወጉት። ለመጮኽ አፉን መክፈት ፈርቶ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። ያ ዝምታው አንጀቴን በላው።

ኮሪደር ወጥቼ ከጌታ ጋር ተጣላሁ። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን በሉ ያልከን አንተ አይደለህም? እንጀራውማ አለ፣ መሶቡ ሙሉ ነው። ታዲያ የልጄን ጉሮሮ ለምን ዘጋህብኝ?» አልኩት። ከዚህም የባሰ ተናግሬያለሁ። ይቅር ብሎኛል።

ተናግሬ ሲወጣልኝ፣ እናቴ እንጀራ ስትጋግር የምታንጎራጉረው መዝሙር ሳላስበው አፌ ላይ መጣ። ግጥሙ ግማሹ ጠፍቶኛል፣ በዜማው ብቻ ቀጠልኩ። ወዲያው የኢያኢሮስ ልጅ ትዝ አለችኝ። ጌታ የ12 ዓመቷን ልጅ ከሞት ካስነሳ በኋላ ምን አለ? የምትበላው ይሰጣት አለ። ሙት ያስነሳው ጌታ እኮ የልጅቷን ረሃብ አልረሳም!

ስመለስ ተረኛዋ ሲስተር በሃይላንድ ክዳን ውሃ አድርጋ አጠገቡ አስቀምጣለች። «አትለምኚው፣ አትዪውም። እዚያው ይቀመጥ» አለችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ፣ ጌታ ግን ያውቃታል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከለሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ አልጋው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረ። ከንፈሩን አራሰ። ቆየ። ደግሞ ነከረ። ከዚያ ክዳኑን በሁለት እጁ አንስቶ ጨለጠው። ሲውጥ ድምፁን ሰማሁት፤ እንደዚያ ያለ ዝማሬ ሰምቼ አላውቅም። እስኪነጋ ሰባት ክዳን ጠጣ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር በወተት፣ በአጥሚትና በተፈጨ ሾርባ አለፈ።

በነዚያ ወራት ሐኪሙ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ላከን። ችግሩ አርፊድ (ARFID፣ ምግብን የመሸሽ ችግር) የሚባል ስም አለው፤ ልጁ ሞልቃቃ ሆኖ ሳይሆን መዋጥ አስፈርቶት ነው አለችን። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ እኛ እንወስናለን፤ መብላትና መጠኑ የእሱ ነው። ማባበልም፣ መቆጣትም፣ «አንዴ ብቻ» ማለትም የለም። አዲስ ምግብ 10፣ 15 ጊዜም ቢቀርብ ላይነካው ይችላል፣ ዝም ብሎ ማቅረብ ነው። መጀመሪያ ያየዋል፣ ከዚያ ይነካዋል፣ ያሸተዋል፣ ይልሰዋል። አማቴ «ልጁን በረሃብ ልትገድሉት ነው» ብለው አኩርፈውን ነበር። በኋላ ግን እሳቸው ራሳቸው ቁራሽ እንጀራ ሳህኑ ዳር አኑረው ቃል ሳይናገሩ ይነሡ ነበር። እናቴ ይኑሩልኝ! ለእኔ ደግሞ ዋናው ጸሎቴ «ጌታ ሆይ፣ እጄን ያዝልኝ» ሆነ። ላጎርሰው ሲዳዳኝ እጄን ከጠረጴዛው ሥር እጨብጥ ነበር።

ሥጋ አሁንም አይነካም፤ አንቸኩልም። ባለፈው እሑድ ግን ከቸርች ስንመለስ ሽሮ በእንጀራ በራሱ እጅ በላና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «እማ፣ አልጠገብኩም። ጨምሪልኝ» አለኝ።

ጭልፋውን እንደያዝኩ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተንበረከክሁ። «እግዚአብሔር ቸር እንደ ሆነ ቅመሱ» የሚለው ቃል ስንት ዓመት ስሰማው የኖርኩት ነው፣ ያን ቀን ግን አስለቀሰኝ።

«እማ! ሽሮው!» ብሎ ተጣራ።