የፌር ጥብስ ጣፋጮች ቤት ውስጥ፣ በትንሽ ድስት

ዳላስና ጋርላንድ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ የቴክሳስ ስቴት ፌር፣ ዳላስ ላይ በየዓመቱ የሚደረገው ትልቁ የመዝናኛና የምግብ ባዛር፣ የሚከፈተው በሴፕቴምበር የመጨረሻው አርብ ስለሆነ ሁሌም መስቀል አካባቢ ይውላል። የደመራው ጭስ ከነጠላችን ሳይለቅ ልጆቹ «ፌር መቼ ነው የምንሄደው» ይጀምራሉ፣ ፌሩ ደግሞ 24 ቀን ነው የሚቆየው፣ ስለዚ ለ24 ቀን ጥያቄው አያልቅም። ደሞ የኔ ልጆች ፌር ሲሉ ያንን 55 ጫማ የሚረዝመውን ካውቦይ ቢግ ቴክስን ማለታቸው አይደለም፣ ፌሪስ ዊሉንም፣ ሰው ተሳፍሮበት የሚሽከረከረውን ትልቅ ጎማ፣ አይደለም፣ ጥብሱን ነው። የተጠበሰ ኦሪዮ (መሀሉ ነጭ ክሬም ያለው ጥቁሩ ብስኩት)፣ ፈነል ኬክ (ቀጭን ሊጥ ዘይት ላይ እየተዞረ ሲፈስ የሚጠበሰው)፣ የተጠበሰ ቺዝኬክ፣ በወረቀት ትሪ ላይ ስኳር ተነስንሶበት የሚሰጠው ትኩስ ነገር ሁሉ። እኔም በጣም ነው የምወደው፣ ግን መግቢያው፣ ፓርኪንጉ፣ ምግቡ የሚገዛበት ኩፖን፣ ሰልፉ ተደምሮ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል አይደለም፣ እና በዓመት አንዴ ሄደን የቀረውን ጊዜ እቤት እየሠራሁ ነው የማበላቸው። አሁን አሁንማ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የቤቱን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ጥብስ ጣፋጭ ከዘይት ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው ዋናዎቹ፣ ፌር ላይ ደግሞ ተቀብላችሁ፣ መቀመጫ ፈልጋችሁ፣ ለልጅ አካፍላችሁ እስክትጨርሱ ያ ጊዜ አልፏል። ቤት ውስጥ ከድስቱ እስከ አፍ ሁለት እርምጃ ነው።

እና ዛሬ መጻፍ የፈለኩት ስለ አንድ ነገር ነው፣ አሳንሳችሁ ሥሩት። የፌሩን መጠን ቤት ውስጥ ለማስመሰል አትሞክሩ። ፌር ላይ ያለው መጥበሻ ብዙ ሊትር ዘይት የሚይዝ፣ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ማሽን ነው፣ ትልቅ ፈነል ኬክ ቢጨመርበት ምንም አይሰማውም። የኛ ድስት ግን ትንሽ ናት፣ ትልቅ ቀዝቃዛ ሊጥ ስትጨምሩባት ሙቀቷ ወዲያው ይወርዳል፣ ዘይቱ ዝም ይላል፣ ሊጡ እዛው ተኝቶ ዘይት ይጠጣል፣ ትልቅ ስለሆነም ውጪው ቡናማ ሲሆን መሀሉ ገና ጥሬ ነው። በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ መጠን ከሆነ ግን ሙቀቱ ቶሎ ይመለሳል፣ መሀሉ ውጪው ሳያርር ይበስላል፣ ዘይትም ብዙ አይፈልግም። ለኔ በእጅ ይዘው የሚጎርሱት መጠን ቤት ውስጥ ለሚጠበስ ጣፋጭ ትክክለኛው መጠን ነው፣ ለፓርቲም ቢሆን ለቡና ቁርስም።

ድስቷ ጠባብና ጥልቅ ትሁን፣ ከታች ወፈር ያለች፣ ዘይቱ ከሁለት ጣት በላይ ጥልቀት ይኑረው ግን ከድስቱ ግማሽ አይለፍ፣ ምክንያቱም ሊጥ ሲገባ አረፋው ወደ ላይ ይነሳል። ካኖላ ወይም ቬጀቴብል ኦይል ይበቃል፣ የወይራ ዘይት ለዚህ አይሆንም፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ላይ አይሄድም። ሙቀቱ ከ350 እስከ 375 ፋራናይት፣ ማለትም ከ175 እስከ 190 ሴልሺየስ መሀል ነው፣ ቴርሞሜትር ግዙ፣ ርካሽ ነው፣ ልምድ ላለውም ለጀማሪም እኩል ይጠቅማል። እናቴ ግን ቴርሞሜትር አይታም አታውቅ፣ አዲስ አበባ ቦምቦሊኖና ፓስቲ ስትጠብስ ያደኩት ነው፣ እሷ የእንጨት ማንኪያውን እጀታ ዘይቱ ውስጥ ትነክርና ዙሪያውን ትንንሽ አረፋ እኩል ሲወጣ «አሁን ደርሷል» ትላለች። እዚህ ልትጠይቀን መጥታ እኔ ቴርሞሜትሬን እያየሁ እሷ ማንኪያዋን እየነከረች ሁለታችንም እኩል ነው የጀመርነው። አረፋው ካልወጣ ገና ነው፣ በኃይል ከተንጫጫና ጭስ ካያችሁ ደግሞ አልፏል፣ ምድጃውን ዝቅ አድርጋችሁ ጠብቁ። እማዬ ያኔ ያለችኝ «ልጄ ዘይት አይጣደፍም» ነው፣ እውነቷን ነው፣ በየዙሩ መሀል አንድ ሁለት ደቂቃ መታገስ ያስፈልጋል።

ኦሪዮው

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ኦሪዮውን ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል አስቀምጡት፣ ክሬሙ ጠንካራ ሆኖ ካልገባ ዘይት ውስጥ ቀልጦ ይወጣል። ለጉርሻ መጠን ሚኒ ኦሪዮ በጣም ያምራል፣ ግን ፍሪዘር ውስጥ ይግባ እሱም። ሊጡ የፓንኬክ ሚክስ ነው፣ አንድ ኩባያ ሚክስ፣ አንድ እንቁላል፣ ከግማሽ ኩባያ ትንሽ በለጥ ያለ ወተት፣ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ዘይት። ውፍረቱን እዩት፣ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር ማለት አለበት፣ ኦሪዮውን ነክራችሁ ስታወጡ ጥቁሩ በሊጡ ውስጥ መታየት የለበትም። ከታየ ትንሽ ሚክስ ጨምሩ። ብዙ አታማቱት ደግሞ፣ ትንሽ ቋጠሮ ቢኖረው ችግር የለም፣ ብዙ ሲመታ ይጠነክራል።

በሹካ ነክራችሁ፣ የሚንጠባጠበውን አራግፋችሁ፣ ወደ ዘይቱ ጠጋ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ ከላይ አትጣሉት ይፈናጠራል። መጀመሪያ ይሰምጣል፣ ከዛ ወዲያው ተመልሶ ይንሳፈፋል፣ ዙሪያውን ነጭ አረፋ ከቦት ሊጡ ኩፍ ሲል ታዩታላችሁ። ታችኛው ጎን ወርቃማ ሲሆን ጠርዙ ላይ ቀለም ይታያል፣ ያኔ ገልብጡት። ሚኒ ከሆነ በየጎኑ አንድ ደቂቃም አይፈጅም፣ ትልቁ ትንሽ ይቆያል። አረፋው እየቀነሰ ጩኸቱም ቀስ እያለ ሲመጣ ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ እያለቀ ነው ማለት ነው፣ አውጡት። በአንዴ ከአራት አምስት በላይ አትጨምሩ። ሲቆረስ ውስጡ ያለው ብስኩት ብስኩት አይደለም፣ ከሊጡ የወጣው እንፋሎት አለስልሶት የቸኮሌት ኬክ ሆኗል፣ ክሬሙም ልስልስ ብሏል፣ እና ለመጀመሪያ ጊዜ የበላ ሰው ሁሉ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ደስ ይለኛል። ትንሿ ልጄ ግማሹን ትበላና ግማሹን ውስጡን ታያለች፣ ሁሌ።

ሲወጣ ወዲያው ማጥለል ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው ጥብስ ዘይት የሚጠጣው ዘይት ውስጥ እያለ ነው ብሎ ያስባል፣ ዘይቱ በደንብ ከሞቀ ግን እዛ እያለ እንፋሎቱ ወደ ውጪ እየገፋ ዘይቱን ይከላከላል፣ ብዙው ዘይት የሚገባው ከወጣ በኋላ ነው፣ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይመለስና ላዩ ላይ ያለውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚ ሳይቀዘቅዝ ላዩን መጥረግ አለባችሁ፣ ፔፐር ታወል ላይ ትንሽ አገላብጣችሁ ከዛ የሽቦ ወንፊት ነገር ላይ አድርጉት፣ ፔፐር ታወሉ ላይ ተኝቶ ከቀረ ከስር ይለሰልሳል። ስኳሩ ደግሞ የዱቄት ስኳር ነው፣ በሻይ ማጥለያ እላዩ ላይ ንፉት። በጣም ትኩስ ሳለ ከነፋችሁት ቀልጦ ይጠፋል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ቀረፋና ስኳር የምትፈልጉ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፣ ትኩስ ሳለ ነው የሚይዘው።

ፈነል ኬክ በጉርሻ

ይሄኛው ቴክሳስ የመጣው ከሩቅ ነው፣ የፔንስልቬንያ ደች የሚባሉት፣ ከጀርመን አገር የመጡት ሰፋሪዎች ልጆች ያመጡት ነው፣ ከ1950 ጀምሮ የሚደረገው የኩትስታውን ፎክ ፌስቲቫል ላይ እየተሸጠ ነው በሰው የታወቀው። እኔ ስበላው ግን ፓስቲ ነው ትዝ የሚለኝ፣ የፉርኖ ዱቄትና ዘይት የተገናኙበት አገር ሁሉ የየራሱ አለው፣ ገልፍ ያላችሁ እህቶቻችን ደግሞ ረመዳን ላይ ሉቀይማት፣ ትንንሾቹን የሊጥ ኳሶች፣ ጠብሳችሁ የምታውቁ ይሄን ስታነቡ እጃችሁ ያውቀዋል።

ሊጡ፣ አንድ እንቁላል፣ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ወተት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ይሄን አማቱት። ከዛ አንድ ከሩብ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው። ትንሽ ቫኒላ ጣል ብታደርጉ ጥሩ ነው። አስር ደቂቃ ይቀመጥ። ፌር ላይ በማፍሰሻ እያዞሩ ትልቅ መረብ ያደርጉታል፣ ለጉርሻ ግን የኬቻፕ ጠርሙስ ዓይነቱን ፕላስቲክ ወይም ጥጉ የተቆረጠ ዚፕሎክ ከረጢት ውሰዱና ዘይቱ ላይ በትንሹ እያዞራችሁ በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ ጥቅልል አድርጉ። ጥቅልሉ ክሮቹ መሀል ክፍት ቦታ እንዲኖረው እፈልጋለሁ፣ ጥርስ ስር ኩርሽምሽም የሚለው እሱ ነው፣ ድፍን ኳስ ካደረጋችሁት ጥሩ ቦምቦሊኖ ይሆናል ግን ፈነል ኬክ አይሆንም። ሠላሳ ሴኮንድ አንዱን ጎን፣ ከዛ ሌላውን፣ እና አለቀ። ሊጡ ዘይት ላይ ከተበታተነ ቀጭን ነው፣ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩ።

ጽጌን ለሚጾሙ አንድ ነገር ልጨምር፣ ፌሩ ከኦክቶበር አጋማሽ አልፎ ስለሚዘልቅ ጽጌ መሀሉ ላይ ይገባል፣ ሁዳዴ ላይም ይጠቅማችኋል። እንቁላሉንና ወተቱን ተዉትና ዱቄቱን በቀዝቃዛ ጋዝ ባለው ውሃ በጥብጡት፣ አምቦ ካገኛችሁ አምቦ፣ ካላገኛችሁ ማንኛውም ስፓርክሊንግ ውሃ። አንድ ኩባያ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ጨው፣ ውሃው ወፈር እስከሚል ድረስ። ጋዙ ሊጡን ቀለል ያደርገዋል፣ እንደውም ከእንቁላሉ የበለጠ ኩርሽምሽም ይላል። እዚህ አሜሪካ የሚሸጠው ዋናው ኦሪዮ የተሠራበት ዝርዝር ውስጥ ወተት የለም፣ ፋብሪካው ውስጥ ግን ከወተት ጋር ሊነካካ ስለሚችል አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ተጠንቀቁ፣ እሽጉን ሁሌ አንብቡት፣ ሌላ ጣዕም ያላቸው ዓይነቶች ይለያያሉና። ሙዝም ቆራርጣችሁ በዚሁ ሊጥ ብትጠብሱት፣ በጣም ያልበሰለ ጠንከር ያለ ሙዝ ይሁን፣ ለጾም ከዚህ በላይ ጣፋጭ አላውቅም።

የቴክሳስ ፌር ሰዎች ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ፣ ከ2005 ጀምሮ የፌሩ ሻጮች አዲስ ጥብስ ይዘው የሚወዳደሩበት ውድድር አላቸው፣ ኤቤል ጎንዛሌዝ የሚባለው ሰውዬ በ2006 ኮካ ኮላ ጠብሶ ነው ያሸነፈው፣ ቆይቶ በ2009 ደግሞ ቅቤ። የኮካው ነገር ሰው እንደሚያስበው ፈሳሹን መጥበስ አይደለም፣ ሊጡን በኮክ ሽሮፕ አቡክቶ በትንንሽ ኳስ ጠብሶ እላዩ ላይ ሽሮፕና ክሬም ማድረግ ነው፣ ያው እንግዲህ እሱም ያሸነፈው በጉርሻ መጠን ነው። ይሄን እቤት በቀላሉ መሞከር ይቻላል፣ የፈነል ኬኩን ሊጥ ወስዳችሁ በወተቱ ፈንታ ኮካ አድርጉ፣ ቀለሙ ቶሎ ስለሚጠቁር እሳቱን ወደ 350 አካባቢ አውርዱት። ቺዝኬክ የምትወዱ ደግሞ ከሱቅ የተገዛውን በትንንሽ ኩብ ቆርጣችሁ ድንጋይ እስኪሆን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፣ ከዛ በኦሪዮው ሊጥ፣ በጣም ፈጣን ጥብሳ። ኤር ፍራየር (በሙቅ አየር የሚያበስለው ማሽን) ላይ ይሆናል ወይ ለምትሉኝ፣ አይሆንም፣ ርጥብ ሊጥ እዛ ውስጥ ሳይይዝ በቀዳዳው ይፈሳል። ያደረውን ለማሞቅ ግን በጣም ጥሩ ነው፣ በ350 ሦስት አራት ደቂቃ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን በፍጹም አታስገቡት።

ልጆች ካሉ እባካችሁ የድስቱን እጀታ ወደ ውስጥ አዙሩት፣ የኋለኛውን ምድጃ ተጠቀሙ፣ ልጆቹ የሊጡና የስኳሩ ሥራ ላይ ይሁኑ እንጂ ዘይቱ ጋ አይድረሱ። ከምድጃው ጋ አትራቁ፣ ስልክ ቢደወል ይጩህ። የድስቱን ክዳን አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ ዘይቱ እሳት ቢይዝ ምድጃውን አጥፍታችሁ መክደን ነው፣ ውሃ ፈጽሞ እንዳታፈሱበት፣ ድስቱንም አንስታችሁ ለመሮጥ እንዳትሞክሩ። አፓርታማ ያላችሁ የምድጃውን ፋን ክፈቱት፣ መስኮቱንም።

ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በፔፐር ታወል ወይም በቡና ፊልተር አጥልላችሁ በጠርሙስ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፣ ለጣፋጭ ብቻ ከተጠቀማችሁበት ሁለት ሦስት ጊዜ ደህና ይሠራል። መሽተት ከጀመረ፣ ከጠቆረ ወይም ሳይሞቅ ከጨሰ በቃ አብቅቷል። ሲንክ ውስጥ አትድፉት፣ ቧንቧው ውስጥ ተጠራቅሞ ይዘጋል፣ በተዘጋ ማሰሮ ወይም በወተት ካርቶን አድርጋችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።