18 ዓመት ሲሞላ የሚቋረጥ ገንዘብ

የመንግሥት ድጎማ ወንጀልን ያበዛል ወይስ ይቀንሳል የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ አንድ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1996 የፈረሙት የአሜሪካ የዌልፌር (የድጎማ) ሕግ፣ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ኤስኤስአይ የተባለውን፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የሚሰጠውን የመንግሥት የወር ክፍያ የሚያገኙ ልጆች 18 ሲሞላቸው በአዋቂ መመዘኛ እንደገና እንዲመረመሩ አዘዘ። ከዚያ ቀን በፊት 18 የሞላው ባብዛኛው አልተነካም፤ ጥቂት ቀን ዘግይቶ የሞላው ግን ተመረመረ፣ ብዙዎችም ተቋረጠባቸው። ልዩነታቸው የልደት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ማናሲ ዴሽፓንዴና ማይክል ሙለር-ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የሁለቱን ወገን የወንጀል መዝገብ የሁለት አሥርት ዓመታት ያህል አነጻጸሩ።

የተቋረጠባቸው ልጆች የወንጀል ክስ በ20 በመቶ ጨመረ። ጭማሪው ያረፈው ገንዘብ በሚያስገኘው ላይ ነው፤ ስርቆት፣ ቤት ሰብሮ መግባት፣ ማጭበርበርና ሴተኛ አዳሪነት በ60 በመቶ ከፍ አሉ። በየዓመቱ የመታሰር ዕድላቸውም በ60 በመቶ ጨመረ። ድብድብ ቢሆን የወጣት ንዴት ነው ባልን ነበር። ይህ ግን የጎደለ የወር ገቢን መተካት ነው፣ የሚያመኝም እሱ ነው። ሥራ ይዘው የተቋቋሙ አልጠፉም፤ ወደ ወንጀል የገቡት ግን ይበልጣሉ። መንግሥት ያተረፈው ገንዘብም ከሞላ ጎደል በፖሊስ፣ በፍርድ ቤትና በእስር ቤት ወጪ ተበላ።

ምርመራው ዛሬም አለ። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሚኒያፖሊስ ያለ ሐበሻ ወላጅ የልጁ ክፍያ ይቋረጣል የሚል ደብዳቤ ኤስኤስአይን ከሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ ሲደርሰው ሁለት ቀነ ገደቦችን ይለይ። ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለው። ይግባኙ እስኪታይ ክፍያው እንዲቀጥል የሚጠየቀው ግን ደብዳቤው በደረሰ በ10 ቀን ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው ከተጻፈ በ5 ቀን እንደደረሰ ይቆጠራል። ብዙ ቤተሰብ 60ውን አይቶ 10ሩን ያሳልፈዋል፣ ልጁም ያለ ገቢ የሚቀረው ያን ጊዜ ነው። ይግባኙ ካልተሳካ በመሃል የተከፈለው እንዲመለስ ሊጠየቅ ይችላል፤ ያኔ አቅም የሌለው ዕዳው እንዲማርለት ማመልከት አለበት።

ከ18 እስከ 21 ያለ፣ በልዩ ትምህርት ዕቅድ፣ በአይኢፒ፣ እየተማረ ያለ ልጅ ደግሞ ምርመራውን ቢወድቅም ትምህርቱን እስኪጨርስ ክፍያው ሊቀጥልለት ይችላል። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ የወቅቱን አይኢፒ ቀድሞ አስወጥቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ቅጂውን ማስቀረትም እንዳይረሳ።