ሳይሞቅ የታየ ሞተር

ሰውየው ሁለት ላንድክሩዘር አስከትሎ ጋራዡ የደረሰው ሐሙስ ከሰዓት ነው። አንዱ ባለ 4.2 ሊትር ኤችዜድ 105፣ ሌላው ባለ 4.5 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር ያለው ናፍታ ቪ ኤይት 200፤ 105 እና 200 የሞዴሎቹ ቁጥር ነው። ሁለቱንም ደላሎቻቸው እየነዱ አምጥተዋቸዋል፤ እሱ ገና ብሩን አላወጣም። መተማ በኩል የሰሊጥ እርሻ ስላለው በወር ሁለት ጊዜ አባይ በረሃን ይወርዳል፣ ይወጣል። የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አሮጌውን ሞተር ልውሰድ ወይስ አዲሱን?»

የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ጥያቄ ይዞ የሚመጣው ሰው በዝቷል። ገበያው አገር ውስጥ ባለው ያገለገለ መኪና ላይ ወድቋል፤ የተሳሳተ ሰው ደግሞ መልሶ ለመሸጥም ለመጠገንም የሚያወጣው ብዙ ነው። የዚያን ቀን የሆነውን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

አለቃችንና እኔ መጀመሪያውኑ አልተስማማንም። ኤችዜድ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሚሠራ፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረበት፣ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባለት መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር ነው። ናፍታው ፒስተኑ ላይ በቀጥታ አይረጭም፤ ተስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ይቀጣጠልና ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል። ናፍታውን የሚገፋው ፖምፓ ሜካኒካል ነው፤ የሚረጩት ኖዝሎች 150 ባር ግፊት አካባቢ ላይ ይከፈታሉ። በርሜል ውስጥ የከረመ ናፍታ ቢጠጣ ያጨሳል፣ ያንኳኳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይሞትም። ችግሩ ጉልበቱ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 130 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፣ አየሩ በሩብ ያህል በሚሳሳበት አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ብዙም አይርቅም። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ጭነት ካለው ከኋላው ሰልፍ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የ200ው ቪ ኤይት ሁለት ቱርቦ አለው፤ ከፍታው የወሰደበትን አየር ቱርቦው ይመልስለታል። ናፍታው በኮመን ሬይል፣ ለሁሉም ሲሊንደር በሚያካፍል የጋራ ቱቦ፣ ከ1,500 ባር በላይ ተጨምቆ ነው የሚገባው። «በወር ሁለት ጊዜ አባይን ለሚወጣ ሰው አዲሱ ነው የሚሻለው» አልኩ። አለቃችን መልስ አልሰጠኝም። ሄዶ የ105ቱን ኮፈን በመዳፉ ነካው።

«ትኩስ ነው» አለ።

«ከሳሪስ ነድቼው መጥቼ እኮ ነው፣ ጋሼ» አለ ደላላው።

«ይሁን። ዛሬ አንነካውም። ሁለቱም እዚህ ይደሩ።»

«ጋሼ፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው። ኤችዜድ ደግሞ ምኑ ይታያል? የማይሞት ሞተር ነው!»

«የማይሞት ከሆነ ለነገ ምን አስቸኮለህ? ይደር ብያለሁ።»

ይህን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ምክንያቱም እኔ ብሆን በትኩሱ አይቼ እሸኘው ነበር። ሲያስነሱት በግማሽ ዙር ይነሳል፤ ጭሱ ንጹህ ነው፤ ድምፁ እኩል ነው። ሞቆ የመጣ ናፍታ ሞተር ግን የደከመ ካንዴሌታውን (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያሞቀውን)፣ የላላ ኮምፕሬሽኑን (የሲሊንደሩን አየር የመጨመቅ አቅም) እና የራዲያተሩን ችግር ደብቆ ነው የሚመጣው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን ውሃውን እስከ አፉ ሞላን። ክዳኑን መልሰን አስነሳነው። አለቃችን የላይኛውን ወፍራም ቱቦ ይዞ ቆመና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እጄን ጎትቶ ቱቦው ላይ አስቀመጠው። ውሃው ገና ለብ እንኳን አላለም፤ ቱቦው ግን በአውራ ጣት ተጭኜው አልጎደጎደልኝም። የራዲያተር ቱቦ የሚወጠረው ወይ በሙቀት ነው ወይ ከሲሊንደር ሾልኮ በሚገባ ጋዝ። ሙቀት ከሌለ የቀረው ጋዝ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ሰማያዊውን የመፈተሻ ፈሳሽ በራዲያተሩ አፍ ላይ አደረግንና አየሩን በእሱ ውስጥ ሳብነው። ቀለሙ ተለወጠ፤ የተቃጠለ ጋዝ አለ ማለት ነው።

ደላላው «ክዳኑ ነው፤ አዲስ ክዳን ግዙለትና ይተዋል» አለ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ስለሆነ ነገሩን ላብራራው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ደህና ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት ስለሚይዝ መፍያውን ወደ 114 ያደርሰዋል። የተበላሸ ክዳን ግፊቱን ይለቃል፤ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ይጎድላል። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ቱቦ የሚወጥር ክዳን ግን የለም።

ተስታታው መሰንጠቁ የማይቀር መስሎ ታየን። የቀረው ጥያቄ ለምን የሚለው ነበር፤ መልሱን ያገኘነው መኪናውን ሰቅለን ነው። የዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ስር ዘይቱ የሚጠራቀምበት) ጎን ላይ ፋብሪካው ያላስቀመጠው ቀዳዳ በብሎን ተደፍኗል፤ ዙሪያው ላይ ያለው ሲሊኮን ከሌላው አዲስ ነው። ፖምፓው ላይ ደግሞ የናፍታውን መጠን የሚወስነው ብሎን መከላከያ ቀለበቱ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ጠልቋል። ሁለቱን ስናያይዘው ታሪኩ ግልጽ ሆነ። አንድ ባለቤት ለዳገቱ ብሎ ቱርቦ አስገጥሞለታል፤ የዘይት መመለሻውን በዚያ ቀዳዳ አስገብቷል፤ ናፍታውንም ከፍቶለታል። ሊሸጥ ሲል ቱርቦውን ፈትቶ ለብቻው አወጣው፤ ፖምፓውን ግን እንደተከፈተ ተወው። ኤችዜድ ያለ መለኪያ ናፍታ ሲጨመርበት የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፤ ተስታታውም በቫልቮቹ መካከልና በትንሿ ክፍል አፍ ዙሪያ ይሰነጠቃል። «ጠንካራ ነው» እየተባለ የተጨመረበት ሸክም ነው የጎዳው።

ኮምፕሬሽኑንም ለካን። እዚህ ላይ ወጣት መካኒኮች የሚሳሳቱት መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ፈልገው ሲያጡ ሞተሩን «ሞቷል» ማለታቸው ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው፤ እኛ ጋ ጤነኛው ሞተር ራሱ ሩቡን ያህል ይቀንሳል። የሚታየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ5 ባር በላይ ከተራራቁ ችግር አለ። የዚህኛው ስድስቱም ተቀራርበው ነበር፤ ታችኛው ደህና ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ቪ ኤይቱ ሄድን። እኔ ተስፋ የጣልኩበት እሱ ላይ ነበር፤ አነሳሱም ደስ ይላል። የአየር ፊልትሮውን ቤት ከፍተን ከፊልትሮው ወዲያ ያለውን የንጹህ አየር ቱቦ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ጠረግነው። አቧራ የለም። ይህ ሞተር አቧራ ከበላ የፒስተን ሪንጉና ቱርቦው አብረው ያልቃሉ፤ የጎማ ማተሚያው የደረቀ ርካሽ ፊልትሮ ያስገባ ሰው ሞተሩን በወራት ውስጥ ይጨርሰዋል። ቀጥለን መመርመሪያ ማሽን ሰክተን የስምንቱን ኢንጀክተር (ናፍታ መርጫ) ማስተካከያ ቁጥር መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ እየሠራ አነበብን። ሰባቱ ከ2 ሳያልፉ 5ኛው 4.6 አሳየ። እስከ 3 ሲሆን እንታገሳለን፤ ከዚያ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ የደከመ ኢንጀክተርን እየደገፈ ነው ማለት ነው።

አለቃችን ማሽኑን አላየም። ከናፍታ ፊልትሮው ስር ያለውን ማፍሰሻ ከፍቶ በፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ቀዳና መደርደሪያ ላይ አቆመው። ሩብ ሰዓት ጠብቀን ስናየው ከታች አንድ ጣት ውሃ ተንጣሏል፤ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፊልትሮው ውሃ ሲይዝ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል። ይህ ግን ቁልፍ ሲከፈት እንኳን አልበራም። ወይ አምፖሉ ተነቅሏል፣ ወይ ሽቦው።

ሰውየው «ታዲያ አንድ ኢንጀክተር መቀየር ነዋ፣ ጋሼ?» አለ።

«ወንድሜ፣ አንዱ ነው የተናገረው። ያንን ውሃ የጠጡት ስምንቱም ናቸው። እነዚህ እንደ ኤችዜድ ኖዝል ምላሳቸው ተቀይሮ በመፈተሻ ላይ የሚስተካከሉ አይደሉም፤ በሙሉ ነው የሚቀየሩት። ፖምፓውም ያንኑ ውሃ ነው የጠጣው፤ እሱ መፋቅ ከጀመረ ብረቱ በሬይሉ አድርጎ ሁሉንም ይደርሳቸዋል። መተማ ላይ ከበርሜል ትቀዳለህ?»

«እቀዳለሁ።»

«እንግዲያው የዚህኛውን ልክ አላውቅልህም። የዚያኛውን ግን አሁን ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ እችላለሁ።»

ጻፈለትም፤ ያገለገለ ሳይሆን አዲስ ባዶ ተስታታ፣ ጓርኒሲዮን (በተስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማተሚያ)፣ ብሎኖች፣ የታይሚንግ ቺንጊያ (ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) ከነመወጠሪያው፣ የስድስቱ ኖዝል ምላስ፣ ፖምፓው ወደ መፈተሻ ቤት ሄዶ ናፍታው ወደ ልኩ እንዲመለስ። ያንን ወረቀት ይዞ ከባለቤቱ ዋጋ ላይ አስቀነሰና 105ቱን ገዛ።

ተስታታው ሲወርድ ስንጥቁ 3ኛውና 4ኛው ላይ በዓይን የሚታይ ነበር። ሥራው ላይ ሁለት ነገር እንዳይዘለል እለምናለሁ። አንደኛ፣ የኤችዜድ ጓርኒሲዮን በሦስት ውፍረት ነው የሚመጣው፤ ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል እንደሚወጣ ሳይለካ ሱቅ ያለውን መግጠም ወይ ፒስተን ከቫልቭ ያጋጫል ወይ ኮምፕሬሽን ያወርዳል። ሁለተኛ፣ ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ መጀመሪያ በመለኪያ ቁልፍ፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ ሌላ 90 ነው የሚታሰሩት። «እጄ ይበቃኛል» ያለ ሰው የሠራውን ተስታታ በዓመት ውስጥ ደግመን አውርደናል። ቺንጊያው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አለው፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ፒስተኑን ይመታሉ።

ስለ ዳገቱ ያልኩት ግን አሁንም ልክ ነው። ያ መኪና ደጀንን ሲወጣ ይጎተታል፤ ሰውየውም ይህን እያወቀ ነው የገዛው። ነዳጁን ከታወቀ ማደያ ለሚቀዳ፣ ፊልትሮ በጊዜው ለሚቀይር፣ ብዙውን መንገድ በአስፋልት ለሚሄድ ሰው ደህናውን ቪ ኤይት ዛሬም እመክራለሁ። ያኛው ግን ደህና አልነበረም።

ማክሰኞ ዕለት ቪ ኤይቱ መሸጡን ሰማን። ለገዛው ሰው ስለ 5ኛው ኢንጀክተርም ስለ ውሃውም የነገረው አልነበረም። ሁለት ሦስት ሰው አስጠይቄ የገዢውን ስልክ ላገኘው አልቻልኩም። ጠርሙሱን አለቃችን እንዳትጥሉት ስላለ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው፤ ናፍታው ጠቁሯል፣ ከታች ያለው ውሃ ግን እንደነበረ ነው።