በኪልት የተጓዝኩት የስኮትላንድ ደጋ

ከግላስጎው በስተሰሜን ካለችው ሚልጋይ ተነስቶ ፎርት ዊልያም የሚደርሰው የዌስት ሃይላንድ ዌይ የእግር መንገድ 154 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። እኔ ሱሪዬን ትቼ በዘመናዊ ኪልት፣ ማለትም የስኮትላንድ ወንዶች በሚለብሱት እስከ ጉልበት በሚደርስ ሽንሽን ጉርድ፣ ተጓዝኩት።

የክብረ በዓሉ ኪልት ሰባት ሜትር ያህል ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይፈጃል፤ ኪስ ስለሌለውም ከፊቱ የቆዳ ቦርሳ ይንጠለጠልበታል። የእኔው ግን ከፖሊስተርና ከቪስኮስ ድብልቅ የተሰፋ፣ እንደ ሱሪ ወገብ ላይ የሚያርፍ፣ በግራና በቀኝ ሰፋፊ ኪሶች ያሉት ነው። መሠረታዊ ቅርጹ ግን ያው ነው፦ ፊቱ ዝርግ ሆኖ ይደራረብና በቀኝ ጎን በዘለበት ይታሰራል፤ ኋላው ሽንሽን ነው።

የሽንሽኑ ጥቅም የገባኝ በሎክ ሎሞንድ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ መንገዱ በቋጥኝና በዛፍ ሥር መካከል በሚሽሎከሎክበት ስፍራ ነው። እግሬን ከፍ አድርጌ ድንጋይ በረገጥኩ ቁጥር ሽንሽኑ ይከፈታል፤ ጉልበትንና ጭንን የሚይዝ ነገር የለም። ራኖክ ሙር በተባለው ሰፊ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ዝናብ ሲወርድብን፣ የባልንጀሮቼ ሱሪ ከጉልበታቸው ጋር ሲጣበቅ፣ የእኔ ያልተሸፈነ እግር ግን ዝናቡ እንዳባራ ወዲያው ደረቀ። ነፋሱንም ቢሆን የኋላው ሽንሽን ክብደት ይቋቋመዋል፤ በፊተኛው ጠርዝ ላይ፣ የላይኛውን ድርብ ብቻ ይዞ የሚሰካው መርፌ ደግሞ ጨርቁን ወደ ታች ይስባል። ሲቀመጡ ሽንሽኑን በእጅ ወደ ታች መጥረግ ያስፈልጋል፤ ከውስጥም ቁምጣ መልበስ ጭን እንዳይፋተግ ይረዳል።

ታርታን (የቁምና የአግድም ባለቀለም መስመሮች የሚሻገሩበት ባህላዊ ጥለት) የሌለው ኪልት ባህልን ያዋርዳል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከወገብ በታች ብቻ የሚለበሰው ኪልት ራሱ፣ መላ አካልን ይሸፍን የነበረው ረጅም መጎናጸፊያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጥሮ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1745 የስኮትላንድ ደገኞች በብሪታንያ ንጉሥ ላይ ካነሱት አመፅ በኋላ የብሪታንያ ፓርላማ በ1746 ባወጣው ሕግ የደጋውን ልብስ የለበሰ ወንድ፣ ወታደር ካልሆነ በቀር፣ ስድስት ወር ይታሰር ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ያን ሁሉ ያለፈ ልብስ ኪስ ስለተጨመረበት ክብሩን ያጣል ብዬ አላምንም።

ጥንቃቄ የሚሻው መዥገር ነው። ፈርን የሚባለው ቅጠለ ሰፊ ተክል በበዛበት ዳገት ረጅም የሱፍ ካልሲ እስከ ጉልበቴ እጎትት ነበር፤ ማታ ማታም፣ መዥገር ላይም የተባለውን የባክቴሪያ በሽታ ስለሚያስተላልፍ፣ ከመተኛቴ በፊት እግሬን ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን እፈትሽ ነበር።